የማክሰኞ ቁርስና የሚካኤል መሐላ

ለተሥላሴ የፓርቲውን ስብሰባ በቁርስ ሰዓት ያደረገችው ከብልጠት አይደለም፤ ሌላ ሰዓት አጥታ ነው። መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ሰው ለመሰብሰብ የሞከረ ያውቀዋል። ቅዳሜንና እሑድን ለቅሶ፣ ሰርግና ማኅበር ተከፋፍለው ጨርሰዋቸዋል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ የራበው ሰው ደግሞ ስለ ውኃ መስመር ቢያወሩት ጆሮ የለውም። ማታ እንዳይባል ማታ ብርድ ነው፣ ብርዱ አረቄ ይጠራል፣ አረቄው ደግሞ የራሱን ወሬ ይዞ ይመጣል፤ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ። በዚያ ላይ ማታ ተሰብስቦ የሚያወራ ሰው ሴራ አለው ተብሎ ይታማል። ጠዋት ዳቦ የሚቆርስን ሰው ግን ማን ምን ይለዋል? ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቢሮና ትምህርት ቤት ሳይከፈት፣ ቁርስ ላይ ይሁን ተባለ።

ነገሩ የሆነው ፓርቲዎች በየወረዳው ቅርንጫፍ መክፈት በጀመሩበት ሰሞን ነው። የእነ ለተሥላሴ ፓርቲ ስሙ ረጅም፣ አባሉ አጭር ነበር። ሁለት መምህራን፣ ጥቂት ነጋዴዎች፣ ከከተማው ዳር የሚያርሱ ገበሬዎች፣ ሻይ ቤት ያላት አማከለች፣ እና ለተሥላሴ እራሷ። ለተሥላሴ ዕድሜዋን ሙሉ አንደኛ ክፍል ያስተማረች፣ ጡረታ ከወጣች ብዙም ያልቆየች ሴት ናት። የከተማው ግማሽ ሀ ሁን የቆጠረው በእሷ ፊት ነው። ፖለቲካ ውስጥ የገባችው ደግሞ በመጽሐፍ አይደለም። ባዶ ጀሪካን ይዛ ቧንቧ ሥር ስትሰለፍ፣ ኋላዋ የቆሙት እናቶች የተናገሩትን አንድ ሰው ከፍ አድርጎ መናገር አለበት ብላ ነው።

የአንደኛ ክፍል መምህርነቷ ግን ስብሰባውም ላይ አልለቀቃትም። በመጀመሪያው ቁርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲጮህ፣ በእጇ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገችና ሕግ አወጣች፤ ያልቀመሰ አይናገርም። መጀመሪያ ይጎረሳል፣ ይታኘካል፣ ይዋጣል፤ ከዚያ ይወራል። ሰው አፉ ዳቦ እስኪውጥ ድረስ ቁጣውም ትንሽ ይበርዳል የሚል እምነት ነበራት። እውነቷን ነው፤ ከዚያ በኋላ የተጣላ አልነበረም።

ሁለተኛውን ሕግ ያመጡት ጋሽ ተገኘ ናቸው። ጋሽ ተገኘ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ በርኖሳቸውን ከበጋ እስከ ክረምት ከትከሻቸው አያወርዱም፤ ዕድሜያቸውን የጽዋ ማኅበር ሲመሩ ኖረዋል። የመጀመሪያው ቁርስ አብቅቶ ሰው ሊነሣ ሲል፣ «ታዲያ ቀጣዩን ማን ወሰደው?» አሉ። ወጣቱ መምህር ምንተስኖት፣ የቡድኑ ጸሐፊ ነው፣ ይህ የፖለቲካ ስብሰባ እንጂ ማኅበር አይደለም ብሎ ሊያስረዳቸው ሞከረ። ጋሽ ተገኘ ሰምተው ሰምተው፣ «እሱስ ገባኝ፤ ቀጣዩን ማን ወሰደው?» አሉት። በዚሁ ቁርሱ እንደ ጽዋ ከቤት ቤት መዞር ጀመረ። ለተሥላሴ ግን ስብሰባው የማንም ቤት ይሁን፣ ሰኞ ማታ ድፎ ዳቦ ጋግራ ማክሰኞ ጠዋት በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ትመጣለች። የገብስና የስንዴ ድብልቅ ነው፣ ጥቁር አዝሙድ ጣል ያለበት። ለዳቦው ሲሉ ፓርቲውን የተቀላቀሉ አሉ ብሎ የሚያማ አልጠፋም፤ እኔም ውሸት ነው ብዬ አልምልም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ለተሥላሴ ውስጧ አንድ የማይሽር ነገር ነበር። ወንድሟ አንዷለም።

እናታቸው ስትሞት አንዷለም ገና አራት ዓመቱ ነበር፣ እሷ ኮረዳ። ሕፃኑ እናቱን ከቀበሩ በኋላ ከማንም እጅ አልበላም አለ። አክስት ሞከረች፣ ጎረቤት ሞከረች፣ አፉን ግጥም። ለተሥላሴ ስታጎርሰው ብቻ ይከፍታል። እንዲህ ሆኖ አደገ፤ እሷ ደመወዝተኛ ስትሆን ተማረ፣ ተመረቀ፣ ጽናት የምትባል ደግ ሴት አገባ፣ ከተማው ውስጥ ካሉት ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ ተቀጠረ። ገዢው ፓርቲም አባሉ አደረገው።

እህቱ ተቃዋሚ መሆኗ ሲሰማ ግን ነገሩ ተበላሸ። ኃላፊ ሊሆን ሲጠበቅ ሌላ ሰው ተሾመ፤ «እህቱን መምራት ያቃተው ክፍሉን ምን ሊመራ ነው» ተብሏል ብሎ አንድ ወሬኛ ጆሮው ላይ አደረሰለት። የእንቁጣጣሽ ዕለት ከጽናት ጋር እሷ ቤት ተቀምጠው ሲበሉ ያንኑ አነሣ። ቃል ቃልን እየጎተተ መጣ። መጨረሻ ላይ አንዷለም የጠቀለለውን ጉርሻ ገበታው ላይ መልሶ አስቀመጠና ተነሣ።

«ሚካኤልን! ሁለተኛ ያንቺን እህል አልቀምስም!»

ጽናት አፏን በእጇ ያዘች። መንዝ ውስጥ በሚካኤል የተማለ መሐላ በይቅርታ ብቻ አይነሣም። ለተሥላሴ ያቺን ጉርሻ ለማንም ልትሰጣት አልቻለችም፣ ልትጥላትም አልቻለችም። ሳህኑን ከድና ሁለት ቀን አስቀመጠችው።

ኅዳር ሲብት፣ ቁርሱ አማከለች ሻይ ቤት በነበረበት ማክሰኞ፣ በሩ ተከፈተና አንዷለም ገባ። ኮቱን ቆልፎ፣ ማንንም ሳያይ፣ «ከጽሕፈት ቤቱ ተወክዬ ስብሰባውን ለመታዘብ ነው የመጣሁት» አለ።

ምንተስኖት ሊነሣ ሲል ጋሽ ተገኘ በርኖሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁ። «እንግዳ ከደጅ አይመለስም፤ ና ተቀመጥ» አሉት።

ለተሥላሴ ዳቦ ቆርሳ በሳህን ፊቱ አስቀመጠች። ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«አመሰግናለሁ ወይዘሮ ለተሥላሴ። እርስዎ ይቀጥሉ።»

ዳቦውን እምቢ ማለቱን ጠብቃው ነበር። እርስዎ ማለቱን ግን አልጠበቀችም። ያጠበችው፣ ያዘለችው፣ እጁን ይዛ ስሙን ያስጻፈችው ልጅ እንደ ባዳ አከበራት። ከዚህ ቢሰድባት በተሻላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዷለም ማክሰኞ አልቀረም። ቁርሱ ወደ ሄደበት ቤት ይሄዳል፣ ከጋሽ ተገኘ ጎን ይቀመጣል፣ እህል አይቀምስም። ያልቀመሰ ስለማይናገርም ቃል አይተነፍስም፤ ለታዛቢ የተመቸ ሕግ ነው። ሰዉ የማይበላው ለሥራው ሲል መሰለው። የሰውን እህል በልቶ በዚያው ሰው ላይ መናገር ነውር ስለሆነ፣ አንደበቱን ነጻ ሊያደርግ ነው ተባለ። ለተሥላሴ ብቻ ነበረች እውነቱን የምታውቀው። ለማንም አልተናገረችም። በየሳምንቱ ግን ሳህን ፊቱ ታስቀምጣለች።

አንድ ቀን ጋሽ ተገኘ ያንን ያልተነካ ሳህን አይተው፣ «አንተ ልጅ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ሲባል አልሰማህም?» አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አንዷለም ከንፈሩን ነክሶ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ትከሻው ግን ሲነቃነቅ ለተሥላሴ አይታዋለች። ያን ቀን ደስ ብሏት ዋለች፤ ሰው ወንድሙ ሊስቅ ስለቃጣው ብቻ ደስ ሊለው ይችላል።

ምንተስኖት ግን አልተዋጠለትም። ስብሰባ ሲያበቃ ቀርቶ፣ «እትዬ ለተሥላሴ፣ ማክሰኞ የምናወራው ረቡዕ ቢሮ ይታወቃል። አይግባ ልንለው ይገባል» አላት።

«ይታወቃ» አለችው። «ውኃ ጠፋ ብለን አይደል የምናወራው? እንዲያውቁት ነው እንጂ።»

«እርስዎ ወንድምዎ ስለሆነ ነው።»

«ስለ ወንድሜም ነው» አለች፤ መካድ አልፈለገችም። «ልጄ፣ አይግባ ካላችሁት እኔ የማየው የት ነው? በዓል አብረን አንውልም፣ ቤቱ አልሄድም፣ ቤቴ አይመጣም። ማክሰኞ ብቻ ናት ያለችኝ።»

ምንተስኖት ነገሩን ሁለተኛ አላነሣውም። ደግሞ የላይኛው ሰፈር ቧንቧ ከክረምት ጀምሮ ተሰብሮ ቀርቶ፣ ቁርስ ላይ በተነሣ በሳምንቱ ተጠግኖ ሲገኝ ሁሉም ተገረመ። ማን ለማን እንደነገረ የጠየቀ የለም። ለተሥላሴ ግን ያን ሳምንት ከዳቦው ላይ ጠርዙን፣ ልጅ ሳለ የሚወደውን ደረቁን፣ መርጣ ቆረሰችለት። አልነካውም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጥምቀት አለፈ፣ ዐቢይ ጾምም ደረሰ። የገናን ጾም አብዛኛው ሰው ቁርሱን ሳይተው አሳልፎታል፤ ይህኛው ከገባ ግን የጠዋት ቁርስ የለም፤ እስከ ፋሲካ ስብሰባው በምን ሰዓት እንደሚሆን እንኳ ገና አልተወሰነም። የቀረችው የቅበላዋ ማክሰኞ ብቻ ነበረች። ሰው ሁሉ ጾም ሳይገባ የተጣላውን ይታረቃል፣ ጾሙ የሚከለክለውን ይበላል፤ ለተሥላሴም አንድ ነገር ብቻ ትመኛለች። አንዷለም እህል ሳይቀምስ ጾሙ ከገባ፣ ልቡ በዚያው ደርቆ ይቀራል ብላ ፈራች።

ከቅበላዋ በፊት ያለችው ማክሰኞ በነነዌ ጾም ላይ ስለምትውል ስብሰባ የላትም፤ ከእሷ በፊት በነበረችው ማክሰኞ ስብሰባው ሲያበቃ፣ ጋሽ ተገኘ እንደ ልማዳቸው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «እኔ አወጣሁ፣ አማከለችም አወጣች፣ ምንተስኖትም በአከራዩ ቤት አወጣ...» እያሉ በክቡ ዞሩ። ከዞሩ በኋላ ጣታቸው ከጎናቸው ከተቀመጠው ሰው ላይ አረፈ። «ቅበላ የአንዷለም ነው» አሉ።

ይህ ሌላ አገር ያለ ፓርቲ የሚሠራው ስሕተት አይመስለኝም። ሊታዘባቸው ለመጣ ሰው ተራ ሰጡት። ምንተስኖት ሻዩ ትን አለው። ጋሽ ተገኘም ያሉት ኋላ ገባቸው፤ ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ግን አልመለሱትም። «በማኅበር ደንብ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከክቡ የተቀመጠ ሁሉ ተራ አለው። እኔ ደንብ አላፈርስም።»

ሁሉም አንዷለምን አየ። ጽዋ ደርሶት እምቢ ያለ ሰው በዚያ አገር አይታወቅም፤ ተቃዋሚን ቤቱ ጠርቶ ያበላ የመንግሥት ሠራተኛም አይታወቅም። ላብ ግንባሩ ላይ ወጣ። በመጨረሻ፣ «ይሁን። ቤቴን ታውቁታላችሁ» አለ። ሳይቀምስ መናገሩ ሕግ መጣስ ነበር፤ ያን ቀን የተቆጣው አልነበረም።

ለተሥላሴ ሁለቱን ሳምንት በሐሳብ ከረመች። እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ነው አንድ ነገር ድንገት የገባት። አንዷለም በየሰዉ ቤት የማይቀምሰው በየሰዉ ገበታ ላይ የእሷ ዳቦ ስላለ ነው። ከሌላው ዳቦ ጋር ተቆራርጦ ይቀላቀላል፤ የማንን እንደጎረሰ በምን ይለያል? ወንድሟን በየማክሰኞው ያስራበችው እሷ ራሷ ነበረች። መንገድ ላይ ቆማ ግንባሯን መታች። ተራው ግን አሁን የእሱ ነው፤ በራሱ ቤት፣ የራሱን እህል፣ ከእሷ ጋር ሊበላ ይችላል። ይህ እንዲሆን ገበታው ላይ ከእሷ እጅ የወጣ ምንም መኖር የለበትም።

ይህን ወስናም ሰኞ ማታ ዳቦ ጋገረች። ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም፤ እጇ ለመደ። ማክሰኞ ጠዋት ዳቦውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ መሶብ ውስጥ ከደነችና ባዶ እጇን ወጣች። በዕድሜዋ የሰው ግብዣ ባዶ እጇን ሄዳ አታውቅም። ውርጩ መሬቱን አንጥቶታል፤ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋባትና ነጠላዋ ሥር ሸሸገቻቸው።

ጋሽ ተገኘ መንገድ ላይ ደረሱባት። «ዳቦሽስ?» አሏት።

«አልጋገርኩም።»

«አመመሽ እንዴ?»

«ደኅና ነኝ ጋሼ።»

ጋሽ ተገኘ ገልመጥ አደረጓትና አብረዋት ሄዱ።

የአንዷለም የግቢ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ራሱ ጋቢ ለብሶ ደጁ ላይ ቆሞ እንግዶቹን ይቀበላል። ውስጥ ጽናት ጭኮውን በቅቤ አሽታ፣ ዳቦውንና ሻዩን አሰናድታ ትጠብቃለች። ሰዉ ገብቶ ተቀመጠ። ጋሽ ተገኘ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው፣ «እንግዲህ ባለቤቱ ይቅመስና ያቅምሰን» አሉ።

አንዷለም አልቀመሰም። ዓይኑ ለተሥላሴ ነጠላ ላይ ነበር።

«እትዬ» አላት። «ዳቦሽስ?»

ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ያልሰማችው ቃል ነው።

«አላመጣሁም።»

«ለምን?»

«የማልከውን አልረሳሁማ። የኔ እህል ካለበት ገበታ አትቀምስም። ዛሬ ቤትህ ነው፣ ሁሉም ያንተ ነው። አንድ ቀን እንኳ አብረኸኝ እንድትበላ ብዬ ነው ባዶ እጄን የመጣሁት።»

አንዷለም ከመደቡ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። የተናገረችው ጽናት ናት።

«ከጥምቀት ወዲህ ንስሓ አባቱ ዘንድ ሲመላለስ ነው የከረመው። ከመሐላው ፈቱት፤ ስግደትም አዘዙት። የጨረሰው ትናንት ነው፣ ጉልበቱ ተልጧል። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ መጀመሪያ የምቀምሰው የእትዬን ዳቦ ነው ብሎ። እኔንም ዳቦ አትጋግሪ ሲለኝ ነበር፤ እንግዳ ተጠርቶማ ብዬ ነው የጋገርኩት።»

ለተሥላሴ ቆማ ቀረች። ሁለቱም ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዱ ለሌላው ሲጨነቁ፣ ዳቦው ቤት ቀረ።

«ጋግሬዋለሁ እኮ» አለች። «ቤት መሶብ ውስጥ ነው።»

«አልጋገርኩም አላልሽኝም?» አሉ ጋሽ ተገኘ።

ምንተስኖት ብድግ ብሎ፣ «ቁልፉን ይስጡኝ፤ ሮጬ ላምጣው» አለ። አንዷለም ዓይኑን ጠርጎ እጁን ያዘው። «አይሆንም። የማልኩት እሷ ቤት ነው፤ የምቀምሰውም እዚያው ነው» አለና ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። ከበሩ ዞር ብሎ፣ «ጽናት፣ አንቺ ቀምሰሽ አቅምሻቸው። እናንተም ስብሰባችሁን ቀጥሉ» አለ። ስለዚህ ያን ቀን ስብሰባው ያለ ታዛቢ ተካሄደ፤ ለወረዳው ምክር ቤት እነማንን ዕጩ እናድርግ የሚለውን ትልቁን ነገር የተነጋገሩትም ያን ቀን ነው፣ አንድ የሰማ ባለሥልጣን ሳይኖር።

እህትና ወንድም ውርጩን እየረገጡ ወረዱ። «ቢሮ ምን ይሉሃል?» አለችው፤ ፍርሃቷ አሁን ነው የመጣው።

«ለአለቃዬ ነገርኩት፤ ተራ ደርሶኛል አልኩት። ቆጣ ብሎ ሊናገር ጀመረና ተወው። ‹ጽዋ ከደረሰህማ ምን ይደረጋል› አለኝ። እሱም የዚሁ አገር ልጅ ነው። ከዛሬ ወዲያ ግን የምትታዘቡ ከሆነ ሌላ ሰው ላኩ ብዬዋለሁ። ኃላፊነቱም ይቅርብኝ።»

«እኔ ነኝ ያስቀረሁብህ።»

«እሱን ተይው እትዬ፤ ርቦኛል።»

ቤት ገብተው እሷ መሶቡን ከፈተች፤ እሱ ለመቀመጥ አልታገሠም፣ እዚያው አጠገቧ ቆመ። ዳቦውን ከጨርቁ ፈታች። ደረቁን ጠርዝ ፈልጋ ቆረሰች፤ ሳህን ሳትፈልግ እንደያዘችው ወደ አፉ አቀረበችለት። ጸጉሩ የሸበተ ሰው አፉን ከፈተ። ጎረሰ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ አኘከ። ለተሥላሴ እናታቸውን ቀብረው መጀመሪያ ካጎረሰችው ቀን ወዲህ እንደዚያ ፈርታ የሰው አፍ አይታ አታውቅም።

ሲውጥ ጊዜ ዓይኑን ገለጠ። «ጨው አንሶታል» አላት።

«አዎ፤ ማታ ልቤ እዚህ አልነበረም» አለችና እያለቀሰች ሁለተኛውን ቆረሰችለት።